የመውጫ ድርሻ

አንድ ገበሬ ነበረ። የጠየቅሽኝን አልረሳሁም፣ የሺመቤት። «አባ፣ ባሌን ሳስታምም መድከሜ፣ አንድ ሌሊት በተኛሁ ብዬ መመኘቴ፣ ፍቅሬ ስላነሰ ነው ወይ?» ብለሽኛል። መልሱ ከዚህ ገበሬ ዘንድ ስላለ እስክጨርስ ታገሺኝ።

የገበሬው መሬት ድንጋያማ ነበር። ማረሻው አልቆ አልቆ የጣት ያህል ቀርቷል፤ ክረምቱም ደርሷል። ካላረሰ ልጆቹ የሚበሉት የላቸውም። በዚያ አገር ብረት የሚሸጥ ነጋዴ አልነበረም። ማረሻ የፈለገ ሰው ተራራው ሥር ካለው ጉድጓድ ወርዶ የብረት ድንጋይ ይቆፍራል፤ ቀጥቃጩ አቅልጦ ይሠራለታል። ከላይ ያለውን አባቶች ጨርሰውታል። ደህናው ድንጋይ የሚገኘው ከታች ነው፤ ከእርከን ወደ እርከን በመሰላል እየተወረደ፣ የሌሊት ወፍ በክንፉ ኩራዝ በሚያጠፋበት ጨለማ ውስጥ።

የጉድጓዱ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። የሚወርድ ሰው ስንቁን ለሁለት ይከፍላል። ግማሹን እየሠራ ይበላል፤ ግማሹን ግን ወደ ላይ ሲመለስ ካልሆነ በቀር አይነካውም። ይህን «የመውጫ ድርሻ» ይሉታል። በጉድጓዱ አፍ ላይም አንዲት አሮጊት ትቀመጥ ነበር። ባሏ ከዚያ ወርዶ በሕይወት አልተመለሰም፤ ሬሳውን ነው ሰዎች ያወጡላት። ከዚያ ወዲህ ማንንም «የመውጫህን ይዘሃል?» ብላ ሳትጠይቅ አታሳልፍም።

«ይዣለሁ፣ እማማ» አላት ገበሬው። እውነቱን ነበር።

ግን ወርዶም ልቡ ዝናቡ ላይ ነው። ማረፍ ከልጆቹ አፍ መንጠቅ መሰለው። በመጀመሪያው እርከን ያገኘውን ድንጋይ ናቀው፤ ከዚያ በታች ያለውንም እንዲሁ። ጉልበቱ ሲዝል የመውጫ ድርሻውን ፈታ። «ይህን ብቀምስ ወደ መጨረሻው እወርዳለሁ፤ ለመውጣቱ እግዜር ያውቃል» ብሎ በሶውን በጥብጦ ጠጣው። እንዳትስቂበት። ለሆዱ ብሎ አይደለም፤ ለልጆቹ ብሎ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

መጨረሻው እርከን ላይ ኩራዙን ከፍ ሲያደርግ ከመሰላሉ ሥር አንድ ስልቻ አየ። አፉ በጠፍር ታስሯል። ቢፈታው ጥቁር፣ ከባድ፣ ምርጥ የብረት ድንጋይ ሞልቶታል። አንድ ማረሻ ቀርቶ ሁለት ያወጣል። የአሮጊቷ ባል ስልቻ እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ ሬሳውን ያወጡት ሰዎች ስልቻውን መሸከም አቅቷቸው ትተውት ነበር።

ደስታ አቅሉን አሳተው። ስልቻውን ተሸክሞ መሰላሉን ያዘ። ጥቂት እንደወጣ ስልቻው ወደ ኋላ ይጎትተው ጀመር፤ የኩራዙም ዘይት እያለቀ ነው። ቆመ። ልጆቹ ከላይ ናቸው፤ ማረሻቸው ደግሞ ትከሻው ላይ። ያ ሰውዬም እዚችው መሰላል ላይ ቆሞ ይህንኑ ሲያስብ እንደነበር ታወቀው፤ ያን ጊዜ ፈራ። ተመልሶ ወረደና ስልቻውን ከነበረበት አኖረው። እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ በየእርከኑ እየተኛ፣ ባዶ እጁን ወጣ።

አሮጊቷ ጎትታ አወጣችው። ትንፋሹ እንደተመለሰለት፣ «እማማ፣ የባለቤትዎን ስልቻ አገኘሁት። ሙሉ ነው» አላት።

አሮጊቷ አፈሩን ከትከሻው አራገፈችለት።

«እኔ እኮ ስልቻ አልነበረም የምጠብቀው፣ ልጄ» አለችው።

ድንጋዩን ግን ውሰደው አለችው። በማግስቱ ወረደ። መሰላሉ እንደቆመ ነው፤ መንገዱንም አሁን ያውቀዋል። በየእርከኑ የመውጫውን እያኖረ፣ አቅሙ የቻለውን ያህል ብቻ እየያዘ፣ ስልቻው ውስጥ ገና ብዙ ድንጋይ እያለ ፊቱን ወደ ላይ እየመለሰ ተመላለሰ። ፊቱን ባዞረ ቁጥር ልቡ ይቃጠል ነበር። ማረሻው ሲሠራለት ዝናቡ ቀድሞታል፤ የታችኛው ማሳ ያን ዓመት ጦም አደረ። ቤቱ እየቆጠበ በላ። ቢሆንም ልጆቹ ያን ክረምት ከአባታቸው ጋር አሳለፉት።

እንግዲህ የሺመቤት፣ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። የደከምሽው ፍቅርሽ አንሶ አይደለም። የመውጫ ድርሻሽን ለባልሽ ብለሽ ስለበላሽው ነው። የባልሽ እህት ዛሬ ሌሊት ልተካሽ ብላ ብትመጣ፣ «የለም፣ እኔ እበቃለሁ» ብለሽ ከደጅ እንደመለስሻት ሰምቻለሁ። ሂጂና ጥሪያት። እሷ ትቀመጥ፤ አንቺ ተኚ። እግዜር ብሎ ባልሽ ከአልጋው የተነሳ ቀን፣ ምን ያህል እንደደከምሽለት አይጠይቅም። የሺመቤት የት አለች ነው የሚለው።