ከበለሱ አጥር ጀርባ የተነሣው ጭስ

ተረት ተረት፤ የበለስ አጥር፣ የእሾህ በረት።

በአንድ ደረቅ አገር ቡሬ የምትባል የዋህ ላም ነበረች። ሣር ባለቀ ቁጥር ባለቤቷ ቢላዋውን ስሎ ከአጥሩ የበለስ ቅጠል ይቆርጥና፣ እሾሁን በእሳት ለብልቦ ያበላታል። ስለዚህ ቡሬ ቢላዋ ሲሳል ከሰማች፣ ጭስም ካየች አፏ ምራቅ ይሞላል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። የቡሬ ወተት ነጠፈ፤ አጥንቷ ተቆጠረ። መነሣት እንኳ ባቃታት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ከአጥሩ ጀርባ ጭስ አየች። እንደምንም ተነሥታ እየተንገዳገደች ሄደች።

አጥሩ ላይ ቁራ ተቀምጦ ነበር። ቁራ ትዕግሥተኛ ነው።

"እመት ቡሬ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ፤ የሚያጣድፍሽ የለም" አላት።

"ርቦኛል እኮ። ጌታዬ መቼም አይረሳኝም፤ ይኸው እሳቱን አንድዶልኛል" አለችው። በበለሱ አጠገብ ስታልፍም፣ "አንተም አይክፋህ፤ ቅጠልህ መልሶ ይበቅላል" አለችው።

በለስ ውሸት አያውቅም። ዝም ብሎ ሊያሳልፋት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

"ቡሬ፣ ዛሬ ከእኔ ላይ የቆረጠ ሰው የለም" አላት።

ቡሬ ቆም አለች። ወዲያው ከወዲያ በኩል ቢላዋ ሲሳል ሰማች፤ ምራቋን ዋጠችና እርምጃዋን አፋጠነች።

ተረቴን መልሱ፤ ከእሾሁም ቅመሱ።