አመድ የተነሰነሰበት እህል

«አንድ ዘበኛ ነበረ። ንጹሕ ሰው ነበረ፤ ንጽሕናው ግን በሌላ ሰው ቤት ተቆልፎበት ነበር።»

ትብለጥ ይህን ቃል የሰማችው የመጀመሪያ ልጇን በምታጠባበት ዓመት ነው። የነገሯት መምህር አድማሴ ናቸው፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ እስክትዳር ድረስ ያስተማሯት፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ።

በዚያ ዓመት የከተማው ፖሊሶች ለሥነ ምግባር ማጣሪያ ተብለው ሁለት ወር ካምፕ ከረሙ። የትብለጥ ባል ኮንስታብል ሰጥአርጌም አብሮ ገባ፣ አብሮ ወጣ። ከዚያ አንዲት መኪና ድምፅ ማጉያ ጭና በየሰፈሩ እየዞረች «ማጣራቱ በሚገባ ተጠናቋል» ብላ አለፈች። ማን ወደቀ፣ ማን አለፈ፣ ከሕዝቡ ምን ያህል ወጣበት፣ አንዳች አልተባለም። ኬላ ላይ የጭነት መኪና እያስቆመ እጁን የሚዘረጋው፣ አገር ያወቀው ሳጅን እንኳ ተመልሶ እዚያው ኬላው ላይ ቆመ።

ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ አንዲት ጎረቤቷ ጀመረቻት።

«ያንቺው ሰውዬ ተጣራ አሉ?»

«ተጣርቶ መጣ።»

«እሰይ! የኬላውም ተጣርቶ ነው የመጣው። እኔ ምለው፣ በሬ የሚያሳልፍ ወንፊት ከወዴት አገኙ?»

ሴቶቹ ጀሪካናቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ትብለጥ ነገር መመለስ አትችልበትም። ልጇን እንዳዘለች፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ከወረፋው ወጣችና በቀጥታ መምህሩ ዘንድ ሄደች።

«መምህር፣ አለቃው ሰጥአርጌን ለብቻው ጠርቶ 'አልፈሃል፤ ለማንም ግን እንዳትናገር' ብሎታል። ማለፍ እንዴት ይደበቃል? የእኛው ግብር የወጣበት ነገር እንዴት ከእኛው ይደበቃል? ቢነገር ፖሊስ ይዋረዳል ነው የሚሉት። እውነት ይዋረዳል?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ደግሞ 'ንጹሕ ሆኜ ምን አገኘሁ' አለኝ። ያንን ሲለኝ ፈራሁት።»

መምህር አድማሴ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። በርጩማ ሳቡላትና ያንን ስለ ዘበኛው የተባለውን ቃል ተናገሩ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ዘበኛው የነበረበት ከተማ አንድ የጋራ ጎተራ ነበረው፤ አራት በር፣ አራት ዘበኛ። እህሉ እየጎደለ ቢያስቸግር ሕዝቡ ተሰብስቦ «ዘበኞቹ ይፈተኑልን» አለ። የጎተራው ሹም አንድ ባለጠጋ ነበር። እሱም ከሩቅ አገር ፈታኝ አስመጣ። ለፈታኙና ለበቅሎው ቀለብ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቁና ሰፈረ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ለዘር ያስቀመጠችውን ሰጠች።

የፈታኙ ዘዴ ቀላል ነው። በየበሩ ያለውን ክምር በመዳፉ ደልድሎ፣ ነፍቶ ያዘጋጀውን አመድ ከላይ ነሰነሰበት። ከዚያ እያንዳንዱን ዘበኛ ከክምሩ ጋር ሦስት ቀን ለብቻው ተወው። እጅ ከገባ አመዱ ይናገራል። በአራተኛው ቀን ፈታኙና ሹሙ ገብተው አዩ። በሁለቱ ክምር ላይ አምስት አምስት ጣት ታትሟል። ሦስተኛው ብልጥ ነበርና ከሰረቀ በኋላ የገዛ ምድጃውን አመድ አምጥቶ ነስንሶበታል፤ የእሱ አመድ ግን የኩበት ነበርና ቀለሙ አጋለጠው። በአራተኛው ክምር ላይ የታየው አንድ የነቀዝ ዱካ ብቻ ነው።

ሹሙ አሰበ። «ከአራቱ ሦስቱ ሌቦች ናቸው ብል፣ ማን ሾማቸው ይሉኛል። የሾምኳቸው እኔ ነኝ።» ወጣና ለሕዝቡ «ተፈትነዋል፤ ጎተራችሁ ደኅና ነው» አለ።

«ማን ወደቀ?» አለ አንድ ገበሬ።

«ይህ የጎተራ ምስጢር ነው።»

«የሰፈርነውስ እህል ስንት ሆነ? የት ገባ?»

«ለጥበቃ የወጣ አይጠየቅም።»

ሦስቱን ሌቦች አላባረራቸውም። በር አቀያየራቸው፤ የምሥራቁን ወደ ምዕራብ፣ የምዕራቡን ወደ ሰሜን። ጣታቸውን አይቶታልና ከዚያ ወዲያ ሲሰርቁ ለእሱም ያስቀሩለት ጀመር። እንግዲህ ያ ፈተና ሌባ አላስወጣም፤ ለሌቦቹ ጌታ ሾመላቸው።

እህሉ መጉደሉን አላቆመም። ሕዝቡ ማን እንደ ሆነ ስላላወቀ አራቱንም እኩል ጠላ። ንጹሑ ዘበኛ በሬ ቢለምን የሚያውሰው ጠፋ። ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ የደገሰው ጠላ ጠጪ አጥቶ ኮመጠጠ። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ «አንቺ እንኳን ሸማች አይደለሽም፤ ጎተራ አለልሽ» ይሏታል። ቢመረው ሹሙ ዘንድ ሄደ።

«ጌታዬ፣ የእኔን አመድ በዓይንዎ አይተዋል። አንዲት ቀን፣ አንዲት ብቻ፣ በገበያ መካከል ይነገርልኝ።»

«አንተን ንጹሕ ነህ ካልኩ ስለ ሦስቱ ይጠይቁኛል» አለ ሹሙ። «ደመወዝህ አልቀረብህ። ምን ጎደለብህ?»

ዓመት ዞረ። ሕዝቡ አሁንም «ይፈተኑልን» አለ፤ አሁንም ቤት ለቤት አንድ አንድ ቁና ተሰፈረ። ያቺ ሴትም ሰፈረች፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። አመዱ ተነሰነሰ። ንጹሑ ዘበኛ ሁለት ቀን ከክምሩ ፊት ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተነሣና ቀኝ እጁን አመዱ ላይ አሳረፈ። ተጫነው። አምስት ጣት። ከእህሉ አንዲት ፍሬ አልነካም፤ እጁን አራግፎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሹሙ ገብቶ ያንን ሲያይ ከልቡ ሳቀ። አቀፈውና «አሁን ገና የእኛ ሰው ሆንክ!» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሹሙና ከሦስቱ ዘበኞች ዘንድ በሬም ተገኘለት፣ ወዳጅም ተገኘለት። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ እውነተኛ ሌባ ሆነ።

ተረቱ በዚሁ አበቃ። ትብለጥ ያለቀ መሆኑን አላመነችም።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ መምህር አድማሴ ወደ እሷ ዞረው፣ «ሕዝቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁና ሰፍሮ የገዛው አራተኛ ሌባ ነው። የእኛም ከተማ ያው ነው፤ ካምፑ ጎተራው ነው፣ ግብራችን ቁናው ነው። ቢነገር ፖሊስ ይዋረዳል ወይ ላልሽው፣ አዎን፣ እጁን የከተተው ይዋረዳል። ካልተነገረ ግን የሚዋረደው ያልከተተው ነው፤ ውርደቱም አንድ ቀን ይሰለቸዋል። ባልሽ ዛሬ አመዱ ፊት ሁለተኛ ቀኑ ላይ ነው።»

የትብለጥ ዓይን እንባ ሞላ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ጥያቄሽን ለማመልከቻ ጸሐፊ ነው ያቀረብሽው። ለሚመለከተው ልጻፍልሽ?»

ትብለጥ እጇን ዘረጋች። «የለም፤ ወረቀቱን ብቻ ይስጡኝ።»

እዚያው በርጩማው ላይ ሆና በእሳቸው እስክሪብቶ ጉልበቷ ላይ ጻፈች። ፊደሏ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ «ስንት ሰው ተፈተነ? ስንቱ ወደቀ? የወደቁት አሁን የት ናቸው? ከእኛ ምን ያህል ወጣ?» የሚል። ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደች። በሩ ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ስም የማይጻፍበት፣ ቀዳዳው ሸረሪት ያደራበት።

ጥበቃ ላይ የነበረው የባሏ ባልደረባ «ምንድን ነው እሱ፣ እህት ዓለም?» አላት።

«ጥያቄ ነው።»

እስክሪብቶ ለመነችው። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ከጥያቄዎቹ በታች ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፤ ከስሟ ቀጥሎ ደግሞ «የኮንስታብል ሰጥአርጌ ባለቤት» ብላ ጨመረችበት። ድሩን በጣቷ ጠርጋ ከተተችው።