የአያልነሽ ድምፅ ከስልኩ እስኪወጣ

ጆሯችሁን አቅርቡ፤ ነገሩ የጆሮ ነገር ነው።

በአንድ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ትርሲት የምትባል ተማሪ ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ የታሪክ ምዕራፍ ማንም ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው መስማት። መጽሐፉን አንብባ በድምፅዋ የቀዳችው መምህርት አያልነሽ ናት። ቅጂው ግዙፍ ስለሆነ የተማሪዎቹ ትናንሽ ስልኮች አይችሉትም፤ ያለው በአያልነሽ ስልክ ብቻ ነው። ስልኩ በተራ ይዞራል። የትርሲት ልብ ሲሰቀል ተራዋ ያልቃል። ፈተና ደግሞ ደርሷል።

አያልነሽ መላ ፈለገች። በቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚሉትን፣ ፈጥራ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ልትጭንበት አሰበች። ድምፁ እዚያ ይቀመጣል፤ ተማሪው በግቢው ዋይፋይ በየስልኩ ይሰማል። ግን ማሽኑ አልነሳም አለ። የኮምፒውተሩ ሆድ በየዓመቱ የምረቃ ቪዲዮ ጢም ብሏል። ሆዱ ካልጎደለ ማሽኑ አይነሳም፤ ማሽኑ ካልተነሳ ሊኑክስ አይጫንም፤ ሊኑክስ ካልተጫነ ድምፁ አይደርስም።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ባንቺአምላክ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ቪዲዮው ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ ማንም አይነካውም አሉ። ቪዲዮው ካልተገለበጠ ሆዱ አይጎድልም፤ ሆዱ ካልጎደለ ማሽኑ አይነሳም፤ ማሽኑ ካልተነሳ ሊኑክስ አይጫንም፤ ሊኑክስ ካልተጫነ ድምፁ አይደርስም።

ንብረት ክፍል ጋሽ ደባልቄ ዘንድ ሄደች። ሃርድ ዲስኩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ደባልቄ አዘኑላት፤ ያለ ርዕሰ መምህሩ ፊርማ ግን ዕቃ አላወጣም አሉ። ፊርማ ከሌለ ዕቃው አይወጣም፤ ዕቃው ካልወጣ ቪዲዮው አይገለበጥም፤ ቪዲዮው ካልተገለበጠ ሆዱ አይጎድልም፤ ሆዱ ካልጎደለ ማሽኑ አይነሳም፤ ማሽኑ ካልተነሳ ሊኑክስ አይጫንም፤ ሊኑክስ ካልተጫነ ድምፁ አይደርስም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ገረመው ደግሞ፣ "መጀመሪያ ሲሠራ አሳዪኝ፤ ከዚያ እፈርማለሁ" አሏት።

ሳይሠራ አይፈርሙም፤ ካልፈረሙ ዕቃው አይወጣም፤ ዕቃው ካልወጣ ቪዲዮው አይገለበጥም፤ ቪዲዮው ካልተገለበጠ ሆዱ አይጎድልም፤ ሆዱ ካልጎደለ ማሽኑ አይነሳም፤ ማሽኑ ካልተነሳ ሊኑክስ አይጫንም፤ ሊኑክስ ካልተጫነ ድምፁ አይደርስም፤ ድምፁ ካልደረሰ ደግሞ ሠራ አይባልም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ገባ።

አያልነሽ ክፍል ተመልሳ ለተማሪዎቿ እንዳልተሳካላት ነገረቻቸው። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ቲቸር፣ አሁን ተራው የእኔ ነው" አለች ትርሲት። "ስልኩን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ልሂድበት።"

አብረው ሄዱ። ትርሲት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። በቅጂው ውስጥ ሲራራ ነጋዴዎች ጨው ጭነው በረሃ ሲያቋርጡ ውኃ አለቀባቸው። አቶ ገረመው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጉሮሯቸው የደረቀ መሰላቸው። ይሄኔ ደወል ተደወለ። ትርሲት ድምፁን ዘግታ፣ ስልኩን አንስታ ተነሳች።

"ቆይ፣ ውኃ አገኙ?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"እኔም አላውቅም። ሁልጊዜ እዚህ ስደርስ ተራዬ ያልቃል። አሁን የዘርፌ ተራ ነው።"

አቶ ገረመው እስክሪብቷቸውን አነሱ። ከዚያ ወረቀት ሳቡ።

እሳቸው ፈረሙ፤ ጋሽ ደባልቄ ዕቃውን አወጡ፤ ወይዘሮ ባንቺአምላክ ቪዲዮውን ገለበጡ፤ ሆዱ ጎደለ፤ ማሽኑ ተነሳ፤ ሊኑክስ ተጫነ። አያልነሽ ድምፁን ለየስልኩ ለሚያድለው ማሽን፣ ለሰርቨሩ፣ ስም አወጣችለት፤ የይለፍ ቃልና የማይቀያየር አድራሻ ሰጠችው፤ ድምፅዋን ጫነችበት። ትርሲት በስልኳ ሞከረች። ጭጭ። አያልነሽ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ሳቋ መጣ። ያልተፈቀደለትን የሚከለክለውን ፋየርዎል ረስታዋለች። አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች፤ በሩም ተከፈተ።

ድምፁ ደረሰ።

ትርሲት ፀሐይ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አዳመጠች። ነጋዴዎቹ ውኃ አገኙ፤ ጨው ሸጡ፤ አገራቸው ገቡ። ምዕራፉ አለቀ። ስልክ አምጪ ያላት የለም።

"ቲቸር፣ ብደግመው ችግር አለው?"

"እስክትጠግቢ ስሚው" አለቻት።

የእኔ ወግ እዚህ ይብቃ፤ እሷ ገና እያዳመጠች ነው።