አልወርድም ያለው የፊውዝ ሳጥን

ስሙኝማ፣ ይቺ ተረት የምትጀምረው ከአንድ ግድግዳ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤት አንድ ቆጣሪ ይጋራ ነበር። የአራቱም ፊውዝ ያለበት አሮጌ ሳጥን የተሰቀለው ከወይዘሮ የሺመቤት በር አጠገብ ነው። አንድ ጠዋት የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሶስና ጫማዋን ስታጠልቅ ግድግዳውን ብትደገፍ፣ ነዝሮ ወዲያ አሽቀነጠራት። ልጅቱ ተርፋለች። ወይዘሮ የሺመቤት ግን ከድንጋጤ ብዛት ነጠላቸውን ገልብጠው ለብሰው ወጡ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ወርዶ በአዲስ ብሬከር ይለወጥ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወንድይፍራው መጣና ሳጥኑን ከሩቅ አይቶ እጁን ኪሱ ከተተ። መስመሩ ከምሰሶው ካልተቋረጠ አልነካም አለ።

ምሰሶ ላይ የሚወጣው ተካልኝ ዘንድ ሄዱ። ወንድይፍራው አይነካ፣ ሳጥኑ አይወርድ፣ ግድግዳው ልጅ ይነዝራል አሉት። ተካልኝም ደነገጠ፤ ግን የግቢው ባለቤት ካልፈረሙ አልወጣም አለ።

ባለቤቱ አቶ ገብረየስ ጋ ተመለሱ። ተካልኝ አይወጣ፣ ወንድይፍራው አይነካ፣ ሳጥኑ አይወርድ፣ ግድግዳው ልጅ ይነዝራል። አቶ ገብረየስ የግቢው ተከራይ ፀጉር ሠሪዋ አስካለ ካልተስማማች አልፈርምም አሉ። ምላሷን ይፈሩታል፣ እውነታቸውን ነው።

አስካለን አንዲት ሙሽራ ፀጉር ማድረቂያው ካስኮ ስር አስቀምጣ አገኟት። አቶ ገብረየስ አይፈርሙ፣ ተካልኝ አይወጣ፣ ወንድይፍራው አይነካ፣ ሳጥኑ አይወርድ፣ ግድግዳው ልጅ ይነዝራል። አስካለ ሰምታ አለቀሰች፤ ቢሆንም ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ጋሽ ተሰማ «በፊውዙ ቦታ ሚስማር የሰካችው አስካለ ናት» ያሉትን ካልመለሱ አልስማማም አለች።

ጋሽ ተሰማ የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ነበር። አስካለ አትስማማ፣ አቶ ገብረየስ አይፈርሙ፣ ተካልኝ አይወጣ፣ ወንድይፍራው አይነካ፣ ሳጥኑ አይወርድ፣ ግድግዳው ልጅ ይነዝራል።

«እትዬ፣ የሚስማሩ ባለቤት ካልወጣ ቃሌን አልመልስም» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ወይዘሮ የሺመቤት ከዚህ ወዲያ የሚሄዱበት ሰው አጡ። የጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጡ።

«ሚስማሩ የኔ ነው» አሉ። «በባለቤቴ ተዝካር ዕለት ፊውዙ ተቃጥሎ መብራት ጠፋብኝ። እንግዳው በር ላይ ደርሷል። ፎቶው የተሰቀለበትን ሚስማር ነቅዬ ሰካሁት። ልጄን የነዘርኳት እኔ ነኝ።»

የጋሽ ተሰማ መኪና ቀጥ አለ። ጋሽ ተሰማ ቃላቸውን መለሱ፤ አስካለ ተስማማች፤ አቶ ገብረየስ ፈረሙ፤ ተካልኝ ወጣ፤ መስመሩ ተቋረጠ፤ ወንድይፍራው ነካ፤ ሳጥኑ ተከፈተ።

ግቢው በሙሉ ሊያይ ተሰብስቦ ነበር፣ ሙሽራይቱም ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ። በአንደኛው ፊውዝ ቦታ የወይዘሮ የሺመቤት ሚስማር ጠቁሯል። በሁለተኛው የፀጉር ሽቦ አለ። በሦስተኛው የስፌት መኪና መርፌ። በአራተኛው የአቶ ገብረየስ የቁም ሳጥን ቁልፍ፣ ጠፋ ብለው ሠራተኛ ያባረሩበት።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼኔ ነው። ወንድይፍራው ፊውዝ መቃጠል በሚገባው ቦታ የተሰካው ብረት አልቃጠል እያለ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ እንደቀለጠ ነገራቸው። ማንም ማንንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ሽቦው ተለወጠ፤ አዲሱ ብሬከር ተሰቀለ፤ መብራት መጣ። ሶስና ግን ከአያቷ ቀሚስ ስር አልወጣም አለች። ያኔ ወንድይፍራው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ከጎኑ አስካለ አሳረፈች፣ ጋሽ ተሰማ፣ አቶ ገብረየስ፣ በመጨረሻም ወይዘሮ የሺመቤት ዓይናቸውን ጨፍነው። ልጅቱ አምስቱን እጅ ቆጠረችና የራሷን ጨመረች።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ሂዱና የቤታችሁን ሳጥን አስከፍቱ።