ሞተሩን ያላጠፋው ልጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ የበግ ነጋዴ። ትርሲት ልጄ፣ «አባ፣ ሞተሩም ስልኩም ሥራችንን ካቀለለልን ጊዜያችን የት ገባ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ እሱ ዘንድ አለና ስሚኝ።

የዚህ ነጋዴ አባት ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መንገዱ በእግር ሙሉ ቀን ይፈጃል። ነጋዴው አባቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ደክሞት ይደርሳል፤ ስለዚህ እዚያው ያድራል። በማግስቱም እግሩ እስኪፈታ ድረስ ይውላል። አጥሩን ይጠጋግናል፣ ከአባቱ ጋር ያወጋል። ወሬው ሲያልቅም ዝም ብለው አብረው ይቀመጣሉ።

ኋላ ንግዱ ሲቀናው ሞተር ሳይክል ገዛ። ማለዳ ተነሥቶ ረፋድ ሳይሆን የሚደርስ ሆነ። «ከእንግዲህ አባቴን ቶሎ ቶሎ አያለሁ» አለ። እውነትም ቶሎ ቶሎ ይመጣ ጀመር። ግን ለምን ይደር? ድካም የለበትማ! እያደር ማደሩ ቀርቶ መቀመጡም ቀረ። ገበያው ይጠብቀዋል፣ ስልኩ ይጠራል። ሞተሩን ሳያጠፋ ያመጣውን ስኳርና ዘይት ደጃፉ ላይ ያኖርና፣

«አባዬ፣ ደህና ነዎት?» ይላል።

«ደህና ነኝ ልጄ። ግባ እንጂ።»

«ዛሬ ቸኩያለሁ፤ ሌላ ቀን።»

አባት በር ላይ ቆመው ይመርቁታል፤ ምርቃቱ ሳያልቅ እሱ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

አንድ ክረምት ዝናብ መንገዱን ናደውና ሞተሩ አላልፍ አለ። ነጋዴው ሞተሩን ከሰው ቤት አቁሞ በእግሩ ወጣ። ጭቃ ለብሶ ሲደርስ አባቱ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ሄዶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ኮቴውን ሰምተው ቀና አሉ፤ ግን አልተነሡም።

«ማን ልበል እንግዳዬ?» አሉት።

የሚቀልዱ መሰለው። «እኔ ነኝ እንጂ አባዬ!» ብሎ ጎንበስ አለላቸው።

አባት እጃቸውን ዘርግተው ደባበሱና ፊቱን አገኙት። «አንተ ነህ እንዴ? የሞተሩን ድምፅ ስላልሰማሁ ሌላ ሰው መሰልከኝ።»

«ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«ዓይኔማ ከጠፋ ከረመ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ልነግርህ አፌን ስከፍት ትሄዳለህ። ኋላ ደግሞ፣ የቸኮለን ሰው ምን አስጨንቀዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

ነጋዴው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት አቅፎ አለቀሰ። ያን ቀን እዚያው አደረ። ሲነጋ በቅሎ ለምኖ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሙ አንደኛውን ዓይን አዳነላቸው። ሌላውን ግን፣ «ይህስ ጊዜው አልፏል፤ ቀደም ብለህ ብታመጣቸው ኖሮ…» አለ።

ነጋዴው ሞተሩን አልሸጠውም። ዛሬም በእሱ ይመላለሳል። ከአባቱ ደጅ ሲደርስ ግን ያጠፋውና ቁልፉን በአባቱ እጅ አኑሮ ይገባል። እሳቸው ካልመለሱለት አይነሣም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ እኔም ነኝ። ሞተሩ መንገዱን አሳጠረለት እንጂ «አትቀመጥ» አላለውም። ድሮ የሚያስቀምጠው ድካሙ ነበር። ድካሙ ሲቀር የሚያስቀምጠው የራሱ ፈቃድ ብቻ ሆነ፤ በፈቃዱ መቀመጥ ደግሞ አልለመደም። አንቺም ከመንገድ የተረፈሽን ጊዜ መልሰሽ ለመንገድ ሰጠሽው እንጂ ጊዜሽን ማንም አልወሰደብሽም። ፍጥነት መልካም ነው፤ ለማን ብለሽ እንደፈጠንሽ ካልረሳሽ። እናትሽን በየቀኑ በስልክ እንደምታገኚያት ነግረሽኛል፤ «ደህና ነኝ» ትልሻለች። እስቲ ሂጂና ከአጠገቧ ተቀመጪ። ያን ጊዜ ደህና መሆን አለመሆኗን አንቺው ትነግሪኛለሽ።