ይርዳው የቆፈረው ጉድጓድ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። በእኛ በጫካው አገር፣ ጠይቆ መረዳት ሲችል በግምቱ የሚደክም ሰው ሲያዩ ሽማግሌዎች የሚተርቱት ነገር አለ። ዝም ብሎ አልመጣም፤ መነሻ አለው።

ይርዳው ከወሎ ደጋ ወደ ከፋ መጥቶ ጎጆ ሲቀልስ ሚስቱ እናትነሽ ወሯ ገብቶ ነበር። ጎጆዋ ከተረተሩ ላይ፣ ወንዙ ከገደሉ ሥር። ቁልቁለቱ ዝናብ ሲነካው ያሟልጫል። አንድ ቀን እናትነሽ እንስራ እንዳዘለች ተንሸራታ፣ ቁጥቋጦ ይዛ ተረፈች። ያን ዕለት ይርዳው ሳትወልድ በፊት ውሃውን ከደጇ ሊያመጣላት ማለ።

ማታውን ከጓሮ እንቁራሪት ጮኸች። እሱ ባደገበት ሜዳ እንቁራሪት ከረግረግ ሌላ ቤት የላትም፤ ስለዚህ ከሥሯ ውሃ አለ ብሎ እዚያው ሊቆፍር ተነሣ። እናትነሽ ግን ጎረቤታቸውን አቶ ኮጪቶን፣ የአገሩን ሰው፣ አስቀድመው ቢጠይቁ እንደሚሻል ነገረችው።

«ጆሮ አለኝ» አላት። «ለጆሮዬ ደግሞ ምስክር ልጥራለት?»

ቆፈረ። እስከ ጉልበቱ ደረቅ፣ እስከ ወገቡ ደረቅ። ሲመሽ እንቁራሪቷ ትጮሃለች፤ እሱም ደረስን ይላል። ቆፋሪ ደግሞ ውሃ ይጠማዋል። በፊት አንዴ የምትወርደው ሴት አሁን ለእሱ ጥም ሁለቴ መውረድ ጀመረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ኮጪቶ ከቁልቁለቱ መሐል ቁና ቁና ስትተነፍስ አገኟት። እንስራውን ተቀብለው በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ከጉድጓዱ ውስጥ የይርዳው ራስ ብቻ ይታያል።

«ምን ጠፍቶብህ ነው፣ ልጄ?»

«ውሃ ነው፣ አባቴ። እንቁራሪቷ እዚሁ ከእግሬ ሥር ናት።»

ሽማግሌው ከጉድጓዱ በላይ ካዘነበለው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ በዘንጋቸው ሳብ አድርገው ዝቅ አደረጉ። አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ እንቁራሪት ቅጠሉን በጣቶቿ ጨብጣ ቁልቁል ታየዋለች።

«የእኛ አገሯ ኑሮዋ ከዛፍ ላይ ነው» አሉት። «ምንጭ ከቤቴ ጀርባ አለ፤ መንገዱም ሜዳ ነው።»

እናትነሽ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ ይርዳው ግን የተሰነጠቀ መዳፉን አየ። አቶ ኮጪቶም ጎንበስ ብለው በቅል ውሃ እያቀበሉት ያሉትን፣ ልጆቼ፣ እናንተም አደራ አትርሱብኝ፦ «እንቁራሪት ሰምቶ ጉድጓድ የቆፈረ፣ ላቡን ጠጥቶ አደረ።»