አምስቱ የጃንጥላ ሽቦዎች

በአንድ ወቅት፣ ብርዱ ከሰው ቀድሞ በሚነሳበት አንድ የደጋ መንደር፣ አያ ደምሰው የሚባሉ ሰው ከሦስት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ትልቋ የሺመቤት፣ መካከለኛዋ ጥሩወርቅ፣ ታናሿ አስካለ ትባላለች። ሦስቱም ሹራብ መሥራት የተማሩት ከሟች እናታቸው ነው። እናትየው ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ አውጥታ፣ ጫፉን በድንጋይ ስላ የሠራቻቸው አምስት መርፌዎች ነበሯት። አምስቱ አንድ ላይ ካልሆኑ ሹራብ አይሠራባቸውም፤ ስለዚህ እንካፈል ቢባል እንኳ የሚካፈሉ አልነበሩም።

አያ ደምሰው ደረታቸውን ታመሙ። ማክሰኞ ጠዋት የጤና ኬላዋ ሠራተኛ መጥታ አየቻቸውና ልጆቹን ወደ ደጅ ጠራቻቸው።

«ሆስፒታል ካልደረሱ አይተርፉም» አለች። «ቅዳሜ እኩለ ቀን የገበያው መኪና ሲመለስ ይሳፈሩ። ግን ጋራውን ስታቋርጡ ነፋሱ ደረታቸውን ካገኘው አለቀ። ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ገላቸው ላይ ልክክ የሚል ሹራብ ይልበሱ።»

ከጎረቤት የተገኘው ሹራብ ሁሉ ያረጀና ወንፊት የሆነ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ እናትየው ከመሞቷ በፊት የፈተለችው ስምንት ልቃቂት የጥቁር በግ ጠጉር ብቻ ነው። ሌላ የለም፤ በጎቹ የሚሸለቱበት ጊዜ ገና ነው።

ከአራት ቀን ብዙም የማያልፍ ጊዜ! እኔ ብሆን በዚያችው ደቂቃ መርፌዬን ይዤ ቁጭ ነበር። ጎረቤቱም ያለው ይህንኑ ነው፤ «ጀምሩ እንጂ! ምን ይገትራችኋል?»

የሺመቤት ግን ገመድ ይዛ ወደ አባቷ መደብ ሄደች፤ ልትለካቸው። በዚያ መንደር የታመመ ሰው አይለካም። ተኝቶ የሚለካ ሰው ቢኖር አስከሬን ነው፤ እሱም ለመቃብሩ። ጎረቤታቸው እማማ ውድነሽ በሩን ዘግተው ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን በቁማቸው ልትቀብሪ ነው? የድሮ ልካቸውን አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ እማማ» አለች የሺመቤት። «የድሮው አባቴ ግን አይደሉም እዚህ የተኙት።»

አያ ደምሰው ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁና «ለኪኝ ልጄ» አሉ። ለካቻቸው። ሕመሙ ከደረታቸው ዙሪያ አንድ ስንዝር ሙሉ ወስዷል። በድሮው ልክ ቢጀመር ኖሮ ስምንቱ ልቃቂት ሹራቡ ሳይጠናቀቅ ያልቅ ነበር። ያን ቀን ግን ይህን ያመሰገነላት የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ፊቱን አዞረባት፤ እሷም ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ልኩ እንደተገኘ አስካለ መርፌዎቹን አነሳች። ጥሩወርቅ ልቃቂቱን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ይህ ክር አልታጠበም።»

አምና የአንዱ ጎረቤታቸው ሹራብ ካልታጠበ ጠጉር ተሠርቶ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ተኮማትሮ ለጥጃ ተሰጥቷል፤ ጥጃውን ባዩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይስቃሉ። ጋራው ላይ ደግሞ ካፊያ አይጠፋም።

«እስኪደርቅ እኮ አንድ ቀን ይሄዳል!» አለች አስካለ።

«ይሂድ። የታመመ ደረት ከሚጨመቅ ይሂድ።»

አጠበችው። ረቡዕ ፀሐይ የሚባል ነገር አልታየም፤ ጭጋጉ እስከ ደጃፍ ወርዶ ዋለ። እሳት አጠገብ እንዳይሰቅሉት ጠጉሩ ደርቆ ይሰባበራል። ጥሩወርቅ እርጥቡን ክር ከወገቧ እስከ ብብቷ ባዶ ገላዋ ላይ ጠመጠመችው፤ ጋቢ ደርባ ተቀመጠች። ሐሙስ ጠዋት ክሩ ደረቀ። እሷ ግን ጥርሷ እየተንገጫገጨ በትኩሳት ወደቀች።

ሁሉም ወደ አስካለ ዞሩ፤ «በይ እንግዲህ!» አስካለ ሹራቡን አልጀመረችም። ነፋስ ማሳለፉን ልትፈትን አራት ጣት የምታህል ቁራጭ ሠራች። መዳፏ ላይ አመድ አደረገች፤ ቁራጯን አፏ ላይ አድርጋ ወደ አመዱ እፍ አለች። አመዱ በነነ። ቁራጯን ፈታችና ጠበቅ አድርጋ ሌላ ሠራች። አሁንም በነነ። ያንንም ፈታችው።

«አባታችንን ገደልሻቸው!» ብላ ጮኸችባት የሺመቤት።

አስካለ ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ሌላ ሠራች። በሦስተኛው አመዱ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ሐሙስ ከሰዓት ሆኗል። ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም፤ ለመብል ካልሆነ በቀር መርፌዎቹን አላስቀመጠችም። ቅዳሜ የመኪናው ጡሩምባ ሲሰማ የሹራቡን አንገት እየዘጋች ነበር። የጣቶቿ ጫፍ ደምቷል፤ ከስምንቱ ልቃቂት የተረፈው ክር ጫማ አያስርም።

ጋራው ላይ ነፋሱም ካፊያውም አልቀረም። ሹራቡ ከገላቸው አልራቀም፣ አልተኮማተረም፣ ነፋስም አላሳለፈም። አያ ደምሰው ሆስፒታል ደረሱ፤ ከወር በኋላም በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ልጆቻቸውን ሰበሰቡና አምስቱን መርፌዎች ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እናታችሁ ለሚገባት ስጥ ብላኛለች። የወሰደቻቸው በእናታችሁ ቦታ ተቀምጣ የመንደሩን ልጆች ታስተምራለች። ተናገሩ።»

«ልኩን ባልወስድ ክሩ አይበቃም ነበር» አለች የሺመቤት። «እማማ ውድነሽ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።»

ጥሩወርቅን ከመናገሯ በፊት ሳል ያዛት። «የእርስዎ ሳል ወደ እኔ ዞሯል አባዬ። ሹራቡ ተኮማትሮ ቢሆን ኖሮ ልኩስ ምን ይረባ ነበር?»

አስካለ እጆቿን ዘረጋች። «እነሱ አዘጋጁ። ሹራቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ገዳይ ተብዬም ነው የሠራሁት።»

አያ ደምሰው ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። እንባቸው መጣ። «ሞቆኝ ደረስኩ» አሉ። «ማን እንዳሞቀኝ ግን አላውቅም።»

መርፌዎቹ እስካሁን ጉልበታቸው ላይ ናቸው። እህትማማቾቹ በአንድ ገበታ መብላት ትተዋል። ከጎረቤት አንዲት አራስ ልጇን አቅፋ፣ ብርዱ ሳይብስ ሹራብ ይሠራለት ብላ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እኔ በልቤ ስንት ጊዜ ፈርጄ ስንት ጊዜ አፍርሻለሁ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ያቺ አራስም ትስማችሁ፦ የተጠላችበትን ልክ ለወሰደችው፣ ክሩን በገላዋ ላደረቀችው፣ ወይስ ሁለት ጊዜ ፈትታ ለሠራችው፣ መርፌዎቹ የሚገቡት ለየትኛዋ ነው?